ኮንትሮሉ ልክ ሆኖ ውጤቱ ሲሳሳት፦ የፒቲ እና የኤፒቲቲ ምርመራ የጥራት ቁጥጥር አሠራር

ፒቲና ኤፒቲቲ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ለመርጋት የሚፈጅበትን ሰከንድ የሚለኩ ሁለት ምርመራዎች ናቸው። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚ ፕላዝማ በፒቲ በ30 ሰከንድ ረጋ እንበል። የላቦራቶሪው የጤነኞች አማካይ ፒቲ 12 ሰከንድ ነው። ትናንት አዲስ ሎት (የምርት ዙር) ሪኤጀንት፣ ማለትም ፕላዝማውን የሚያረጋው የመመርመሪያ ኬሚካል፣ ተከፍቷል፤ አይኤስአዩ (የሪኤጀንቱን ስሜት ሰጪነት የሚገልጸው ቁጥር) 1.05 ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን የአሮጌው ሎት 1.30 እንደተቀመጠ ቀርቷል። አይኤንአር የሚባለው የታካሚው ሰከንድ ለጤነኞች አማካይ ተካፍሎ በአይኤስአዩ ርቢ ሲያድግ የሚገኘው ቁጥር ነው። ትክክለኛው አይኤንአር 2.6 ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ 3.3 ይወጣል። ዒላማው ከ2.0 እስከ 3.0 የሆነ ታካሚ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንስበታል፤ ሰውየውም ደሙ ለሚረጋበት አደጋ ይጋለጣል። ጠዋት የተሠሩት ሁለቱ ኮንትሮሎች (ሰከንዳቸው አስቀድሞ የሚታወቅ የመፈተሻ ፕላዝማዎች) በሰከንድ ሲታዩ ለአዲሱ ሎት በተሰጠው ገደብ ውስጥ ናቸው። መዝገቡ ላይ «ደህና» ተብሎ ተፈርሟል።

ኮንትሮል የሚመሰክረው ስለ ሪኤጀንቱ፣ ስለ ማሽኑና ስለ ሙቀቱ ነው። ከታካሚው ክንድ እስከ ሴንትሪፊውጅ (ፕላዝማውን በማሽከርከር የሚለየው ማሽን) ያለውን መንገድ አልተጓዘም። ከሰከንድ ወደ አይኤንአር የሚደረገውን ስሌትም ሆን ብለን ካላስፈተሽነው አያየውም። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር ከኮንትሮሉ ጠርሙስ ሳይሆን ከመርፌው ይጀምራል።

ደም ሲቀዳ

ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ 3.2% ሶዲየም ሲትሬት (ካልሲየም ይዞ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ) መያዙን ስያሜው ላይ ያንብቡ። 3.8% የሆነም አለ። ሁለቱን እያፈራረቁ መጠቀም አይቻልም፤ በ3.8% የተቀዳው ሰከንዱ ወደ መርዘም ያደላል። የማብቂያ ቀኑ ያለፈ ቱቦ ደግሞ ቫኪዩሙ ስለሚደክም ደሙን እስከ ምልክቱ አይስብም።

ልኩ ሲትሬት 1 እጅ፣ ደም 9 እጅ ነው። 2.7 ሚሊሊትር ደም የሚስበው ቱቦ ውስጥ 0.3 ሚሊሊትር ሲትሬት አለ። ከሚገባው መጠን ከ90% በታች የተሞላን ቱቦ አይቀበሉ። ትርፍ የሆነው ሲትሬት በምርመራው ጊዜ የምንጨምረውን ካልሲየም ይይዝብንና ሰከንዱን ያስረዝመዋል፤ ከፒቲ ይልቅ ኤፒቲቲ ቀድሞ ይጎዳል። ሁለት ጎዶሎ ቱቦዎችን በአንድ ላይ ገልብጦ «ሞላልኝ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ደሙ ሲደመር ሲትሬቱም አብሮ ተደምሯል።

አቀዳዱ እንዲህ ይሁን፦

1. ማሰሪያው ክንድ ላይ ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ደም ሥሩን ለማግኘት ብዙ የተወጋጋ ክንድ የቲሹ ፈሳሽ ወደ ናሙናው ስለሚያስገባ መርጋቱን አስቀድሞ ይጀምረዋል፤ በሌላ ክንድ ይሞክሩ።
2. ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ የደም ካልቸር ካለ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው፣ ከዚያ ቀዩ ወይም ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሐምራዊው፣ በመጨረሻ ግራጫው።
3. በቢራቢሮ መርፌ የሚቀዳ ከሆነና ሰማያዊው የመጀመሪያ ቱቦ ከሆነ፣ በቅድሚያ አንድ የሚጣል ቱቦ ይሰኩ። ያለዚያ በቀጭኑ ላስቲክ ውስጥ ያለው አየር ገብቶ ቱቦው ጎዶሎ ይቀራል።
4. ደሙ እንደገባ ቱቦውን ከ3 እስከ 6 ጊዜ ቀስ አድርገው ይገለባብጡ። እንደ ሽሮፕ መናጥ ቀይ ሕዋሶችን ይሰብራል፣ ፕሌትሌቶችንም (መርጋቱን የሚያግዙትን ጥቃቅን የደም ሕዋሶች) ያነቃቃል።
5. ሄፓሪን (ሌላው ፀረ-መርጋት መድኃኒት) ከሚያልፍበት መስመር መቅዳት ግድ ከሆነ መስመሩን በ5 ሚሊሊትር ሳላይን ያጥቡና የመጀመሪያውን 5 ሚሊሊትር ደም ይጣሉ። ሌላ ክንድ ካለ ግን መስመሩን ይተዉት።

ከሐምራዊው ቱቦ ወደ ሰማያዊው መገልበጥ በየላቦራቶሪው የሚያጋጥም ጥፋት ነው። ነርሷ ሰማያዊው እንደጎደለ ታያለች፣ ሐምራዊው ተርፏል፣ ትሞላበታለች። በሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤም እንደ ሲትሬት ካልሲየም ይይዛልና ፒቲውም ኤፒቲቲውም ይረዝማል። ምንም መድማት የሌለበት ታካሚ ያልታሰበ ረጅም ውጤት ካመጣ፣ የዚያኑ ሰማያዊ ቱቦ ፕላዝማ ፖታሲየም ይለኩ። የፖታሲየም ኢዲቲኤም ከገባበት ቁጥሩ በሕይወት ካለ ሰው የማይጠበቅ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ውጤቱን አይልኩት፤ አዲስ ናሙና ይጠይቁ።

ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሶች ድርሻ) ከ55% በላይ የሆነ ታካሚ ሌላ ነገር ነው። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትና ሲወለዱ ጀምሮ የሚያጠቋቁር የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቱቦው እስከ ምልክቱ ቢሞላም ፕላዝማው ትንሽ ስለሆነ ሲትሬቱ ይበዛበታል። የሚያስፈልገው የሲትሬት መጠን እንዲህ ይሰላል፦

0.00185 × (100 − ሄማቶክሪት) × የደሙ መጠን በሚሊሊትር

ሄማቶክሪቱ 60% ቢሆንና 2.7 ሚሊሊትር ደም ብንቀዳ፣ 0.00185 × 40 × 2.7 = 0.20 ሚሊሊትር ይመጣል። ቱቦው የያዘው 0.30 ነው፤ ስለዚህ 0.10 ሚሊሊትር መውጣት አለበት። ባለ 1 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ይያዙ፣ አየሩን አስወጥተው ክዳኑን ሳይከፍቱ ይውጉ፣ ቫኪዩሙ ስለሚታገል ሳብ አድርገው 0.10 ያውጡ። ቱቦው ላይ «ሲትሬቱ የተስተካከለ» ብለው ይጻፉና ለሚቀዳው ሰው ይስጡ። በኮንትሮል የሚያዝ ስሕተት ስላልሆነ ይህን ማስታወስ ያለበት የሴል ካውንተሩን (የደም ሕዋስ ቆጣሪውን) ውጤት ያየ ባለሙያ ነው።

ሴንትሪፊውጅ፦ 3000 ስንት ነው?

«በ3000 ለ15 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። የሚያስፈልገው ግን የዙር ቁጥር አይደለም፤ 1500 ጂ (የመሬት ስበት 1500 እጥፍ) ነው። ጂው በሴንትሪፊውጁ ክንድ ርዝመት ይወሰናል፦

ጂ = 0.00001118 × ራዲየስ በሴንቲሜትር × (ዙር በደቂቃ)²

ራዲየሱ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ 3000 ዙር ወደ 1500 ጂ ይሰጣል። ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር በሆነች ትንሽ ሴንትሪፊውጅ ያው 3000 ዙር የሚሰጠው 1000 ጂ ብቻ ነው፤ 1500 ለማግኘት ወደ 3660 ዙር ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስመሪያ ይውሰዱ፣ ከመሐሉ ዘንግ እስከ ተዘረጋው የቱቦ ጫፍ ይለኩ፣ ያሰሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ይቀይሩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሴንትሪፊውጅ ከተደረገ ናሙና ፕላዝማውን ይውሰዱና በሴል ካውንተር ፕሌትሌቱን ይቁጠሩ። በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች መሆን አለበት። ይህን ቢያንስ በየ6 ወሩ፣ እንዲሁም ሴንትሪፊውጁ በተጠገነ ቁጥር ያድርጉ። ፕሌትሌት የቀረበት ፕላዝማ በተለይ ሄፓሪን በሚወስዱ ታካሚዎች ላይ ያታልላል፤ ከፕሌትሌቱ የሚወጣው ፕሌትሌት ፋክተር 4 ሄፓሪኑን ስለሚያከሽፍ ኤፒቲቲው ያለ አግባብ ያጥራል። ፕላዝማ ወደ ሌላ ቱቦ ሲያወጡም እስከ ሕዋሱ ድረስ አይምጠጡ፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ይተዉ።

ከሴንትሪፊውጅ በፊት ሁለት የእንጨት ስቲክ ነክረው የረጋ ደም መኖሩን ይፈትሹ። ትንሽም ብትሆን ረግታ ከተገኘች ናሙናው አይሠራም። መርጋት የጀመረ ደም ፋይብሪኖጅኑን (የረጋውን ደም ድር የሚሠራውን ፕሮቲን) ጨርሶ ሊያስረዝም፣ ወይም ፋክተሮቹ (ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች) ነቅተው ሊያሳጥር ስለሚችል ወደየት እንደሚያሳስት መገመት አይቻልም።

ስንት ሰዓት ይቆያል

ለፒቲ ያልተከፈተ ቱቦ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት። ለኤፒቲቲ 4 ሰዓት። ሄፓሪን የሚወስድ ታካሚ ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ከሕዋሱ ይለይ። ለፒቲ የመጣውን ናሙና ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡ፤ ቅዝቃዜ ፋክተር 7ን ያነቃዋልና ፒቲው ያጥራል። ማቆየት የሚያስፈልግ ከሆነ ፕላዝማውን ለይተው ያቀዝቅዙት፦ በ−20 ዲግሪ 2 ሳምንት፣ በ−70 ለወራት። ሲያቀልጡት በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ይሁን። ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ከተተወ ፋይብሪኖጅንና ፋክተር 8 ከታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የሚወሰደው ፕላዝማ ባዶውን ይቀራል።

ኮንትሮሉን መበጥበጥ

የኮንትሮሉ ውጤት በየዕለቱ በሚሞላበት ገበታ ላይ ከሚታየው መዋዠቅ ብዙው የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከዚህ ሥራ ነው።

1. ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥተው በክፍል ሙቀት ይተዉት። ሳይከፍቱ ታችኛውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርገው ይንኩ፤ ክዳኑ ላይ የተጣበቀው ዱቄት ይወርዳል።
2. ክዳኑን በዝግታ ይክፈቱ። ቶሎ ከተነቀለ ዱቄቱ ብን ብሎ ይወጣል።
3. በኢንሰርቱ (ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው የአምራቹ መመሪያ) የታዘዘውን ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.0 ሚሊሊትር የተጣራ ውኃ፣ በተፈተሸ ፒፔት ይጨምሩ። በሲሪንጅ አይለኩ። በ1.0 ፈንታ 1.1 ቢገባ ኮንትሮሉ ወደ 9% ቀጠነ ማለት ነው። ሳላይን ወይም የቧንቧ ውኃ አይሆንም።
4. ክዳኑን መልሰው በመዳፍ ውስጥ ቀስ አድርገው ያሽከርክሩት። አረፋ እስኪያወጣ አይናጥ፤ ፕሮቲኑ ይበላሻል።
5. 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የተቸኮለ ጠዋት 10 ደቂቃ ላይ የተሠራ ኮንትሮል ገደቡን ስቶ ይወጣል፤ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል፤ እሱም ሳይጠበቅ ይሠራል። በዚህ ዓይነት ሦስት ጠርሙስ ይባክናል።
6. የተበጠበጠበትን ቀን፣ ሰዓትና ስምዎን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆይበት ሰዓት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የኢንሰርቱን ይከተሉ።

ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ አይቀመጥ። ከፕላዝማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ ሰከንዱም ይረዝማል። ያልተበጠበጠውንም ሪኤጀንቱንም ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ አርቀው በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል ያቆዩ፤ ግድግዳው ጋ የተጠጋ የፈሳሽ ሪኤጀንት በረዶ ይሆናል፣ በረዶ የነካው ደግሞ ቢቀልጥም አይመለስም።

የራስን ገደብ ማውጣት

በኢንሰርቱ ላይ የታተመው ገደብ የተሠራው ብዙ ላቦራቶሪዎችን እንዲያካትት ስለሆነ ሰፊ ነው። በእሱ ብቻ የሚሠራ ላቦራቶሪ ኮንትሮሉ ገደቡን ስቶ የማይወጣለት ማሽኑ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን አጥሩ ስለራቀ ነው።

አዲስ የኮንትሮል ሎት ሲመጣ አሮጌው ሳያልቅ ጎን ለጎን ያሠሩት። ቢያንስ 20 ውጤት፣ ከ10 ቀን ባላነሰ ጊዜ፣ በተለያዩ ተረኞች ይሰብሰብ። ሃያውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ መጨረስ የዚያን ቀን መዋዠቅ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ የሚወጣው ገደብ ከመጠን በላይ ጠባብ ይሆንና በሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ ያስጮኻል። አማካዩንና ኤስዲውን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን ልክ) ያስሉ። ለምሳሌ አማካይ 12.4 ሰከንድ፣ ኤስዲ 0.3 ከሆነ፣ 2ኤስዲው ከ11.8 እስከ 13.0፣ 3ኤስዲው ከ11.5 እስከ 13.3 ነው። ኤስዲውን ለአማካዩ ሲያካፍሉ 2.4% ይመጣል። ለፒቲ መደበኛ ኮንትሮል ይህ ከ5% በላይ ከሆነ ገደብ ከማውጣትዎ በፊት ፒፔቱንና የኮንትሮሉን አበጠባበጥ ይመልከቱ።

ከፍተኛውን ኮንትሮል (ሰከንዱ ረጅም እንዲሆን የተዘጋጀውን) በሰከንድ ብቻ ሳይሆን በአይኤንአርም ይመዝግቡ። መደበኛው ኮንትሮል ለዚህ አይረዳም፦ ሬሾው (ሰከንዱ ለጤነኞች አማካይ ሲካፈል) 1 አካባቢ ስለሆነ አይኤስአዩ 1.05 ቢሆን 1.30 ቢሆን አይኤንአሩ ያው 1 ነው። 1 በማንኛውም ርቢ 1 ነውና። ከኮንትሮሎቹ መካከል በመግቢያው ላይ ያየነውን ስሕተት የሚያጋልጠው የከፍተኛው ኮንትሮል አይኤንአር ብቻ ነው።

የየዕለቱ ሥራ

የአሜሪካው የላቦራቶሪዎች ደንብ፣ ክሊያ፣ በማሽን ለሚሠራ የደም መርጋት ምርመራ በየ8 ሰዓቱ ሁለት ደረጃ ኮንትሮል ይጠይቃል፤ ሪኤጀንት ሲቀየርም እንዲሁ። በእጅ ሲሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሁለት ኮንትሮል ሳይሠራ ታካሚ አይነካም፣ ሁሉም ምርመራ በጥንድ ይሠራል። ሌላ አገርም ቢሆን ይህ ልክ ምክንያታዊ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ኮንትሮል ይሠራ፤ ማሽኑ «ዝግጁ» ቢልም ሪኤጀንቱ የተቀመጠበት ክፍል ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ይዩ።

በእጅ ለሚሠሩ፦ ለፒቲ 0.1 ሚሊሊትር ፕላዝማ በ37 ዲግሪ ይሞቃል፤ በደንብ የተቀላቀለና የሞቀ 0.2 ሚሊሊትር ትሮምቦፕላስቲን (የፒቲ ሪኤጀንት) ሲጨመር ሰዓት መቁጠሪያው ይነሳል። ለኤፒቲቲ 0.1 ፕላዝማና 0.1 ሪኤጀንት አብረው በኢንሰርቱ በተጻፈው ደቂቃ (ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5) ይሞቃሉ፤ ከዚያ ለብቻው የሞቀ 0.1 ሚሊሊትር 0.025 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርና መቁጠር ይጀመራል። የጥንዶቹ ልዩነት ከ5% ካለፈ ይደግሙ። የኤፒቲቲ ሪኤጀንት ከታች ስለሚዘቅጥ ከመውሰድዎ በፊት ይገለባብጡት። ትሮምቦፕላስቲን የነካ ጫፍ ወደ ኤፒቲቲ ሪኤጀንት ወይም ወደ ካልሲየም አይግባ፤ አንዲት ጠብታ ኤፒቲቲውን ታሳጥረዋለች።

የውኃ መታጠቢያውን ሙቀት በማሽኑ መስኮት ላይ በሚታየው ቁጥር አይመኑ። ውኃ የያዘ የመስታወት ቱቦ መደርደሪያው ውስጥ ያስቀምጡና ቴርሞሜትር በውስጡ ይክተቱ፤ ፕላዝማው የሚያየው ሙቀት ያ ነው። ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

ገበታውን ማንበብ

ሌቪና ጄኒንግስ በ1950 ወደ ላቦራቶሪ ያመጡት ገበታ ላይ ነጥቡ በየዕለቱ ይጨመራል፤ ዌስትጋርድ በ1981 ያወጣቸው ሕጎች ይነበቡበታል። ለደም መርጋት እነዚህ ይበቃሉ፦

1-2ኤስ፦ አንድ ነጥብ ከ2ኤስዲ ወጥቷል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ20 ውጤት አንዱ ያለ ምንም ጥፋት ይህን ያደርጋል። ሌሎቹን ሕጎች ይፈትሹ።
1-3ኤስ፦ አንድ ነጥብ ከ3ኤስዲ ወጥቷል። ሥራ ይቁም።
2-2ኤስ፦ ሁለት ተከታታይ ነጥቦች፣ ወይም በአንድ ጊዜ ሁለቱም ኮንትሮሎች፣ በአንድ ወገን ከ2ኤስዲ ወጥተዋል። ሥራ ይቁም፤ አንድ ነገር ተንሸራቷል።
አር-4ኤስ፦ አንዱ ኮንትሮል ከ+2ኤስዲ በላይ፣ ሌላው ከ−2ኤስዲ በታች። የአያያዝ ስሕተት ነው፦ አረፋ፣ የተለዋወጠ ጠርሙስ፣ የደከመ ፒፔት።
4-1ኤስ እና 10-ኤክስ፦ አራት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን ከ1ኤስዲ ወዲያ፣ ወይም አሥር ተከታታይ ነጥቦች በአማካዩ አንድ ወገን። ዛሬ ያለው ውጤት ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ መንስኤው ግን ይፈለግ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ የሚወጣ መስመርና በአንድ ቀን ዘሎ እዚያው የቀረ መስመር መንስኤያቸው ይለያል። የመጀመሪያው ክፍት የቆየ ሪኤጀንት፣ እየተነነ ያለ ፈሳሽ ወይም የሚደክም ማሞቂያ ነው። ሁለተኛው በዚያ ቀን የተቀየረ ነገር ነው፤ መዝገቡ ላይ ቀኑን ብቻ ይፈልጉ።

ኮንትሮል ከገደብ ሲወጣ

«ይደገም» የመጀመሪያው መልስ ሆኖ ቀርቷል። እስኪገባ መድገም ቁጥጥር አይደለም፤ ሲደጋገም አንዱ በዕድል ይገባል፣ መዝገቡ ላይም የሚጻፈው እሱ ብቻ ይሆናል። የወጣውን ቁጥር ይጻፉ፣ የታካሚ ውጤት መላክ ያቁሙ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ይመልከቱ፦ የማብቂያ ቀን፣ አረፋ፣ ጠርሙሱ የተበጠበጠበት ሰዓት፣ የቀረው መጠን፣ ሙቀት።

ከዚያ የትኛው እንደወጣ አይተው ያጥብቡ።

አንድ ደረጃ ብቻ ከወጣና ሌላው መሐል ላይ ካለ ጥፋቱ የዚያ ጠርሙስ ነው። አዲስ ይበጥብጡ፣ 30 ደቂቃውን ጠብቀው አንዴ ይሥሩ።

ሁለቱም ደረጃዎች በፒቲ ብቻ ከወጡ ትሮምቦፕላስቲኑን ይጠርጥሩ። በኤፒቲቲ ብቻ ከወጡ ሪኤጀንቱንና ካልሲየሙን። በኤፒቲቲ ሁለቱም ደረጃዎች ከረዘሙ የካልሲየም ጠርሙሱ ሳይሞቅ ገብቶ ወይም በስሕተት በውኃ ቀጥኖ ይሆናል፤ ካጠሩ የትሮምቦፕላስቲን ንክኪ ይፈልጉ። ካልሲየሙን መጀመሪያ ይቀይሩ፤ ርካሹ እሱ ነው።

ፒቲውም ኤፒቲቲውም፣ ሁለቱም ደረጃ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ሪኤጀንት አይቀይሩ። ሁለቱ ምርመራዎች የሚጋሩት ሙቀቱን፣ የፕላዝማ መርፌውንና የኩቬቱን (የመለኪያ ብልቃጡን) ሎት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ካለ ሰከንዱ ይረዝማል። መርፌው በከፊል ከተደፈነ የሚወስደው ፕላዝማ ያንሳል።

አንድ ነገር ይቀይሩ፣ ይሥሩ፣ ይመዝግቡ። ኮንትሮሉንም ሪኤጀንቱንም ካልሲየሙንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ችግሩ ቢጠፋለትም ምን እንደነበረ ስለማያውቅ በሚቀጥለው ወር እንደገና ሦስቱንም ይጥላል። መንስኤው ሲገኝ ከመጨረሻው ትክክለኛ ኮንትሮል ወዲህ የወጡ የታካሚ ውጤቶች ይታዩ፤ ከነሱ 5 ያህል ናሙና ተመርጦ ይደገም።

አዲስ የሪኤጀንት ሎት

የሚቻል ከሆነ የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ሎት ይዘዙ። አቅራቢው ያመጣውን መቀበል ግድ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ ይህ ሥራ በዓመት ብዙ ጊዜ ይመጣልና ቅጹ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

1. የጤነኞችን አማካይ ፒቲ እንደገና ያውጡ። ፀረ-መርጋት መድኃኒት የማይወስዱ፣ ከሁለቱም ፆታ፣ ቢያንስ 20 ጤነኛ ጎልማሶች። የሚወሰደው ጂኦሜትሪክ አማካይ ነው፦ የእያንዳንዱን ሎጋሪትም ይደምሩ፣ ለብዛታቸው ያካፍሉ፣ መልሰው ይፍቱ። የመደበኛ ኮንትሮሉን አማካይ በዚህ ቦታ መተካት አይቻልም፤ ኮንትሮሉ ከማሽኑ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ እንጂ የአካባቢዎ ሰው ደም አይደለም። የቁጥሩ ክብደት ይህ ነው፦ በመግቢያው ታካሚ ላይ 12 የነበረው 13 ተብሎ ቢገባ፣ በአይኤስአይ 1.05 አይኤንአሩ ከ2.6 ወደ 2.4 ይወርዳል።

2. አይኤስአዩን ከጠርሙሱ ጋር ከመጣው ወረቀት ለእርስዎ የማሽን ዓይነት የተሰጠውን ያንብቡ። አንዱ ወረቀት ለተለያዩ ማሽኖች የተለያየ ቁጥር ይዘረዝራል፤ የላይኛውን መስመር ገልብጦ መሄድ ቀላል ስሕተት ነው። ይህን ቁጥር ያመጣው የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 የተቀበለው ሥርዓት ነው፤ ወደ 1.0 የቀረበ ሪኤጀንት ቢገኝ ይመረጣል፤ አይኤስአዩ ከፍ ባለ ቁጥር የሰከንድ ጥቂት ስሕተት በርቢው ይገዝፋል።

3. ከ20 ያላነሱ የታካሚ ናሙናዎችን በአሮጌውና በአዲሱ ሎት ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ዝቅ፣ መካከለኛና ከፍ ያለ አይኤንአር ያላቸው ይገኙበት።

4. ለኤፒቲቲ የሄፓሪን ታካሚዎችን ናሙና በሁለቱም ሎት አሠርተው የአማካዮቹን ልዩነት ይያዙ፤ ከቀደሙት ዓመታት ልዩነቶች ጋርም ይደምሩት። ድምሩ ከ5 ሰከንድ በታች ከሆነ የቆየው የሕክምና ገደብ ይቀጥላል። ከ7 ካለፈ ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት የሄፓሪን ገደብ እንደገና መውጣት አለበት። ድምሩን መያዝ የሚያስፈልገው በየዓመቱ 3 ሰከንድ እየተንሸራተተ ማንም ሳያየው 9 ስለሚደርስ ነው።

5. አዲሶቹን ሁለት ቁጥሮች፣ አማካዩንና አይኤስአዩን፣ ማሽኑ ውስጥ ያስገቡ፤ ሌላ ባለሙያ ቆሞ ያንብባቸውና ይፈርም። ውጤቱ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም የሚተላለፍ ከሆነ ስሌቱ የሚሠራው ማሽኑ ላይ ይሁን ሲስተሙ ላይ ያረጋግጡ። ሁለቱም ቦታ የተለያየ አይኤስአይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

6. አንድ የዋርፋሪን ታካሚ ውጤት ይውሰዱ፣ ሰከንዱን ለአዲሱ አማካይ ያካፍሉ፣ በስልክዎ ካልኩሌተር በአይኤስአዩ ርቢ ያሳድጉት፣ ማሽኑ ካወጣው የውጤት ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ይህን ያሰሉበትን ወረቀት ከቀኑና ከሎት ቁጥሩ ጋር ማሽኑ ጎን ይለጥፉ። ካልኩሌተሩ 2.6 ብሎ የማሽኑ ወረቀት 3.3 ካለ አዲሱ ሎት ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የወጡትን የአይኤንአር ውጤቶች ዝርዝር ያውጡና ለየሐኪሞቹ ይደውሉ፤ ቀድሞ የሚደወለው መድኃኒቱ ዛሬ ለተቀነሰበት ታካሚ ነው።